አስቴር ያገኘችው ጠጠር

በአርባ ምንጭ ምድር ከእኔ የበለጠ መመሪያ የሚመረምር ሰው አልተፈጠረም። ላይኛው ሰፈር ሴቻ ቆሜ ታችኛው ሰፈር ሲቀላ በተጻፈ ደብዳቤ ውስጥ የጎደለችውን አራት ነጥብ አያለሁ። ከሥልጣኑ ያለፈ አንቀጽ ደግሞ ገና ከፖስታው ሳይወጣ ይሸተኛል። ስንት ዓመት እንዲህ እያልኩ ሰው ሳስቅ ኖሬያለሁ። አሁን የምጽፈውን ግን ለባለቤቴም አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም ጾም በገባ ቁጥር ሌላ ሌላውን እዘረዝርና ይህችን እዘላታለሁ። አንባቢዬ፣ አንተ ስማኝ።

ሥራዬ የምክር ቤት ሠራተኞችን ማሠልጠን ነው። ምክር ቤት አዋጅ ያወጣል፤ ዝርዝሩን በመመሪያ እንዲያወጣ ደግሞ ለአንድ መሥሪያ ቤት ውክልና ይሰጣል። ሠራተኞቹ ያ መመሪያ ከውክልናው እንዳያልፍ ከአዋጁ ጋር አንቀጽ በአንቀጽ ማስተያየት አለባቸው። አንድ ጊዜ ለቡድን ሥራ የሚሆን ምሳሌ ለመጻፍ ሰነፍኩና፣ ለመጽደቅ ተራ የሚጠብቅ እውነተኛ ረቂቅ አባዝቼ አደልኩ። ስለ ገበያ ቦታ የሚወጣ መመሪያ ነበር። የምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ሰዎች ደስ አላቸው። «በዚያው ምርመራው ያልቅልናል፤ ቅጹ ላይ ፈርምልን» አሉኝ። እሺ አልኩ።

ከሠልጣኞቹ አንዷ አስቴር ነበረች፤ ከጨንቻ የመጣች ዝምተኛ የሰነድ ባለሙያ። በመጀመሪያው ቀን የሻይ ሰዓት ላይ፣ ያሳደገቻት አክስቷ ከደጋ እየወረደች ሲቀላ ገበያ አፕልና ጎመን እንደምትሸጥ አጫወተችኝ። አምናኝ ነው የነገረችኝ።

በማግስቱ ሁሉም ቡድን «ችግር የለበትም» ብሎ ምሳውን ይጠብቃል። አስቴር ብቻ በጣቷ መስመር እየተከተለች ታነባለች።

«አስቱ፣ መመሪያ እየመረመርሽ ነው ወይስ ምስር እየለቀምሽ?» አልኳት። አዳራሹ ሳቀ።

«ጠጠር ስላገኘሁ ነው፣ ጋሼ» አለች እሷም ፈገግ ብላ። «አንቀጽ ስምንት የከተማ መታወቂያ የሌለው ሰው ገበያ ውስጥ አይሸጥም ይላል። አዋጁ ለመሥሪያ ቤቱ ሰዎች የፈቀደላቸው ግን ጽዳቱንና የገበያ ቀኑን እንዲወስኑ ብቻ ነው። ሰው መከልከሉን ከየት አመጡት?»

ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። እኔ፣ ከፖስታው የሚሸተኝ ሰውዬ፣ አዋጁን አላነበብኩትም ነበር። ሽፋኑን አውቀዋለሁ። «ቆይ አብረን እንየው» ማለት ምን ይከብድ ነበር? ምላሴ ቀደመኝ።

«ተዉአት፣ አንቀጹን ሳይሆን የአክስቷን ቅርጫት ነው የምትመረምረው!»

ጠረጴዛ እስኪደበደብ ተሳቀ። ከኋላ አንዱ «አስቴር፣ አፕሉን በአባሪነት አያይዢልን!» አለ። እሷ ወረቀቱን አጠፈችና አቀረቀረች። ልክ ይሁን አይሁን የጠየቀ አልነበረም። ከዚያ በኋላ በሁሉም ዓይን ለራሷ የምታደላ ሴት ሆነች፣ አለቀ። እኔም ቅጹ ላይ «ከአዋጁ ጋር ተገናዝቧል፤ ግጭት አልተገኘበትም» ብዬ ፈረምኩ።

ከሰዓት አዋጁን አወጣሁና አነበብኩት። ልክ ነበረች። ቅጹ ገና ከጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛ አልተነሳም፤ ደረጃውን ወጥቼ መሳብ እችል ነበር። እኔ አልሳብኩትም። ለምን? እንዳይሳቅብኝ። ሰው ሲሳቅበት ምን እንደሚመስል ግን ያን ቀን ጠዋት ያየሁት እኔ አይደለሁም?

መመሪያው ጸደቀ። የገበያው ጥበቃዎች የደጋ ሴቶችን ከነሸክማቸው ከበር ይመልሱ ጀመር። አስቴር ስብሰባ ላይ መናገር አቆመች፤ ቆይታም በራሷ ጥያቄ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወረች።

አንድ ቅዳሜ አክስትየዋን ከገበያው ውጭ፣ ባጃጆች አቧራ በሚያለብሱት የመንገድ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው አየኋቸው። አፕሉን በነጠላቸው ጫፍ አንድ በአንድ ይወለውላሉ። ሥልጠናው ሲዘጋ በተነሳነው ፎቶ ለይተውኝ ኖሯል፣ ተነሡ።

«የአስቴር መምህር እርስዎ ነዎት አይደል? ፎቶዎን አሳይታኛለች። ጎበዝ መምህር ነው ትላለች። ጌታ ይባርክዎት!»

«ለምን እዚህ ተቀመጡ?» አልኳቸው፣ እንደማያውቅ ሰው።

«ሕግ ነው አሉን። ሕግ ከሆነ ምን ይደረጋል?»

ሕግ አልነበረም። ያንን የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ እኔ ግን «አይዞዎት» ብዬ ሄድኩ። አስቴር የሠራሁትን አልነገረቻቸውም። ለእኔ ክብር ነው ወይስ ለራሷ ኀፍረት? ልጠይቃት አልደፈርኩም። መዝገብ ቤት ፋይል ስፈልግ ሌላ ሰው እልካለሁ።

ቀልድ ነበር ብዬ አልከራከርህም፣ አንባቢዬ። ቀልድ አልነበረም፤ ያላነበበ ሰው መሸሸጊያ ነበር። ይቅርታውንም ካንተ አልጠይቅም፤ የሚጠየቁትን ሁለት ሴቶች ገና አልጠየቅኋቸውም።

ሳልነግርህ የቀረ አንድ ነገር አለ። ዛሬ በየሥልጠናው የአስቴርን ጥያቄ ሰሌዳ ላይ እጽፍና «ይህን ስሕተት አንድ ቀን ራሴ አገኘሁት» እላለሁ። ያጨበጭቡልኛል። እኔም ጎንበስ ብዬ አመሰግናለሁ።