በወይራዎቹ መካከል የበቀለ ሣር

«የወይራ ለቃሚ፣ ውርጭ ላይ የዋልሽው፣
ፍሬው ከእጅሽ ነው፣ ልብሽን የት ጣልሽው…»

ሦስተኛው ስንኝ አልመጣላትም። ሬሜዲዮስ ከወጥ ቤት ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ ወጥ ቤት ትመላለሳለች፤ ሁለቱን ስንኞች ታዜምና ሦስተኛው ጋ ስትደርስ ዜማው አፏ ላይ ይሟሟል። እናቷ ወይራ ስትለቅም የምታንጎራጉረው ነበር። ልጅ ሳለች ሙሉውን ታውቀው ነበር፤ አሁን ግን ሐሳቧ አንድ ቦታ አልረጋ ብሏል። ነገ የቅዱስ ማርቆስ ዕለት ነው። አባቷም ማሳውን ካላየሁ ብለዋል።

በደቡብ ስፔን፣ በሃየን ኮረብቶች ላይ በተሰቀለችው በዚያች መንደር በቅዱስ ማርቆስ ዕለት ቤቱ ተቀምጦ ምሳ የሚበላ የለም። ሰው ሁሉ መሃሉ ላይ እንቁላል የተጋገረበትን ዳቦ አንጠልጥሎ ወደ ወይራው ይወርዳል። አዛውንቱ አባቷ ፋውስቲኖ ካቻምና ክረምቱ ሊገባ ሲል ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ማሳቸውን አላዩም። የአምናውን በዓል በአልጋ አሳለፉት። ዘንድሮ ግን በከዘራም ቢሆን እየሄዱ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ጫማቸውን ሲወለውሉ ውለዋል።

ሬሜዲዮስን ያስጨነቃት ማሳው ነው። ማሳው ሣር አብቅሏል።

ይህ ለሌላ አገር ሰው ምንም ላይመስል ይችላል። በዚያ መንደር ግን ከወይራው ሥር የበቀለች አንዲት ሣር፣ እንግዳ ፊት እንደ ተዘረጋ ያደፈ አንሶላ ናት። የሰው ክብሩ የሚለካው በመሬቱ ንጽሕና ነው፤ ሴት ልጁን ለጋብቻ የተጠየቀ አባት መጀመሪያ ሄዶ የሚያየው የጎረምሳውን ወይራ ሥር ነበር። ፋውስቲኖ ደግሞ በዚህ ስማቸው የተጠራ ሰው ናቸው። ስድሳ ዓመት ሙሉ መሬታቸውን እያረሱ፣ እየኮተኮቱ፣ የሠርግ ቤት ወለል አስመስለው ኖረዋል።

እሳቸው አልጋ ላይ በዋሉ በዚያው ሰሞን ነው የገበሬዎቹ ማኅበር ስብሰባ የጠራው። የአውሮፓ ኅብረት ለገበሬ የሚሰጠውን ድጋፍ ደንብ ቀይሮ ነበር፤ በወይራ ረድፎች መካከል ሣር የሚተው፣ መሬቱን የማያርስ፣ የአረም መርዝም የማይረጭ ገበሬ የተሻለ ይደገፋል ተባለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሬሜዲዮስ ግን እጇን አወጣች። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት አንድ ዶፍ ዝናብ ማሳዋን ሰንጥቆት፣ እሷን እስከ ወገቧ የሚውጥ ቦይ ከፍቶ ነበር። የወይራው ሥር እንደ ሽማግሌ እጅ ጅማት ተገልጦ አየችው፤ ያ ምስል ከዓይኗ አልጠፋ አለ። ውሉንም ፈረመች።

ለአባቷ ግን አልነገረችም። ዳሌያቸው ይጠገን፣ ከዚያ እነግራቸዋለሁ አለች። ዳሌው ተጠገነ፤ ጉንፋናቸው ይልቀቃቸው አለች። እሳቸው ማሳው ንጹሕ ነው ወይ ባሏት ቁጥር፣ ደህና ነው አባባ፣ እያለች ሁለት ክረምት አለፈ።

በበዓሉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቷ ሂኔስ በደጅ በኩል አንገቱን አስገባ። አብረው ፊደል የቆጠሩ ናቸው፤ ቀልዱንም ንክሻውንም ለምዳዋለች።

«ሬሜ፣ ዛሬ በማሳሽ በኩል ሳልፍ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ወይራዎችሽ ናቸው፤ ከዚህ ሣር አውጡን እያሉ ይጣራሉ።»

«አንተ ደግሞ ከዛፍ ጋር ማውራት ጀመርክ?»

«ሽማግሌው ነገ ሲያዩት ነው የሚያወሩት።» ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። ማረሻውን ከትራክተሩ ጋር አያይዞ እንደመጣ፣ እሺ ካለችው ፀሐይ ሳትጠልቅ ገልብጦ እንደሚጨርስላት ነገራት። እሳቸው ጥቁር መሬት ያያሉ፣ ደስ ብሏቸው ይበላሉ፣ በቃ።

እሺ አለችው። ከአፏ እንዴት እንደወጣ ራሷም አታውቅም። ሣሩን ካረሰችው ውሉ እንደሚፈርስ፣ ያ ቦይ በሚመጣው ክረምት ተመልሶ አፉን እንደሚከፍት ታውቃለች። ግን አባቷ በሰው ፊት ሲያፍሩ ማየት ከዚያ ሁሉ ከበዳት። ሣሩስ ቢሆን አስተኝቷት ያውቃል? ዝናብ በዘገየ ቁጥር፣ የወይራውን ውኃ እየጠጣብኝ ነው እያለች ትባንናለች።

ሂኔስን ተከትላ ወረደች። የዱር ሰናፍጩ ቢጫ ለብሷል፤ ቀያዮቹ አበቦች በመሃሉ ብቅ ጥልቅ ይላሉ፤ ንቦቹ ማሳውን እንደ በገና ያስተጋቡታል። ሂኔስ ማረሻውን ከላይኛው ጫፍ አወረደና ጥቂት ሄደ። የተገለበጠው አፈር ጥቁርና እርጥብ ነበር፤ የሣሩ ሥር እንደ ጥልፍ ክር ይዞት ተሸልቅቆ ወጣ።

«ቁም» አለችው።

ቆመ። ምነው አላት። እሷ ከተገለበጠው አፈር አንዱን ጓል አንስታ ሣሩን ወደ ላይ አድርጋ ወደ ቦታው መለሰችው፤ በእግሯም ረገጥ ረገጥ አደረገችው።

«ላንቺ ብዬ እኮ ነው» አላት ሂኔስ። «ነገ ልባቸው ቀጥ ብትል እኔ የለሁበትም።»

ያን ምሽት ልትነግራቸው ሁለት ጊዜ በራቸው ላይ ቆመች። አንዴ ኮፍያቸውን ሲሞክሩ፣ አንዴ ለነገ የሚይዙትን ሰንጢ ሲስሉ አገኘቻቸው። ደህና ይደሩ ብላ ተመለሰች።

በማግስቱ በየወይራው ሥር ጭስና ጊታር ነበር። ሬሜዲዮስ መኪናዋን ከማሳው ራስ አቆመች፤ አባቷን ደግፋ አወረደች። እሳቸው ከዘራቸውን ተክለው ቆሙ። አጠገብ ባሉት ማሳዎች የሚበላው ሰው አንገቱን አቀና፤ ሂኔስ ብርጭቆውን እንደያዘ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረ።

«የማን ማሳ ነው ያመጣሽኝ?»

«የእኛ ነው አባባ።»

«ማረሻው ተሰበረ?»

አልተሰበረም አለቻቸው። ከዚያ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው፤ ስብሰባውን፣ ደንቡን፣ ፊርማውን፣ የደበቀችበትንም ጊዜ። እሳቸው ማሳውን እንጂ እሷን አላዩም።

«እነዚያ ብራስልስ የተቀመጡት ሰዎች ወይራ አይተው ያውቃሉ?»

«እነሱን ይተዉአቸው። ያስገደደኝ የለም። እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

እሳቸው ቁልቁል መሄድ ጀመሩ። ልትደግፋቸው ብትጠጋ በክርናቸው ገፏት። ወዴት እንደሚሄዱ ገባት፤ ከማሳው ግርጌ ወዳለው የድንጋይ ካብ ነው። በየክረምቱ ዝናቡ የጠረገው አፈር እዚያ ካብ ሥር ይከመራል። ፋውስቲኖም በየዓመቱ ያንን አፈር በቅርጫት በበቅሎ ጭነው ሽቅብ ይመልሱት ነበር። በቅሎዋ ስትሞት በትከሻቸው ተሸከሙት። ሬሜዲዮስም በልጅነቷ በትንሽ ቅርጫት ከኋላ ከኋላቸው ትወጣ ነበር። ያን ኮረብታ አባቷ ስንት ጊዜ ተሸክመው ወደ ቦታው እንደመለሱት እግዜር ይወቀው።

ካቡ ጋ ደርሰው ሥሩን በከዘራቸው ቆረቆሩት። ድንጋዩ እስከ ታች ድረስ ይታያል።

«አፈሩን ማን መለሰው?»

«ማንም።»

«በዚህ ወገብሽ ነው የተሸከምሽው? ሰው አትቀጥሪም?»

«ማንም አልመለሰውም አባባ። አልወረደም።»

ዞረው ሽቅብ ወደ ማሳው አዩ። ዓይናቸው ከዛፍ ዛፍ፣ ከረድፍ ረድፍ ሄደ። ግራ እጃቸው የቀኝ ትከሻቸውን፣ ያንን የቅርጫት ገመድ ያጎደጎደውን ቦታ ያሻሻል። ሬሜዲዮስ መቆሚያ አጣች፤ ወደ ካቡ ሄደች፣ ተመለሰች፣ የሌለ ድንጋይ ልታነሳ አጎነበሰች። አባቷ ሲያለቅሱ አይታ አታውቅም፤ አሁንም አላለቀሱም። አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠረጉ እንጂ።

«ያስጠላል» አሉ በመጨረሻ።

«ያስጠላል አባባ።»

«ሰው ይስቅብናል።»

«ሁለት ዓመት ሲስቅ ነው የኖረው።»

«ደግሞስ» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ሂኔስ እንዲሰማ፣ «ይህን የመሰለ ሣር እንዲህ አቁመሽ ስታደርቂው አታፍሪም? አንድ መንጋ በግ አስገቢበት እንጂ። ይሄ ነው የሚያሳፍረው።»

በክንዷ ተደግፈው ወጡ። ታጣፊ ወንበራቸው ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ብርድ ልብሱን አነጠፈች፣ ጨው የገባውን ዓሣ በብርቱካን አቀረበች፣ የወይራ ዘይቱን ከፈተች፣ ወይኑን ቀዳች፣ የረሳችው ነገር ያለ መስሏት ወደ መኪናው ሄዳ ባዶ እጇን ተመለሰች። እሳቸው ዳቦውን በሰንጢያቸው ለሁለት ከፈሉት፤ እንቁላሉ ያለበትን ዘረጉላት።

«በቃ ቁጭ በይ፤ አዞርሽኝ» አሏት።

ሬሜዲዮስ ሣሩ ላይ ተቀመጠች፤ ዳቦዋንም ገመጠች።