ምንም የማይሆንባቸው ፊልሞች

ታላቅ እህቴ ከዐረብ አገር ስትመለስ ለእናታችን ብርድ ልብስና ሽቶ፣ ለእኔ ቦርሳ፣ ለራሷ ደግሞ በሻርፕ የጠቀለለችው አንድ ጥቁር ሀርድ ዲስክ ይዛ መጣች። ከከተማችን ከመካነ ሰላም ሄደው ከተመለሱት ውስጥ ወርቅ ያመጣ አለ፣ ቤት የሠራ አለ። ሀርድ ዲስክ እንደ ሕፃን ታቅፎ የመጣ ግን አላየሁም።

«ምን አለበት?» አልኳት።

«ፊልም። ስለ ሕዋ የተሠሩ፣ የድሮ የድሮ።»

ክረምት ነበር። እኔ አስተማሪ ነኝና ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት ነው የምውለው። ጉሙ ደጃፍ ድረስ መጥቶ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የትም መውጣት የለም። መብራት ከኖረ ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ፍራሹ ላይ ተደርድረን ቴሌቪዥኑን እንከፍታለን።

መጀመሪያ ያሳየችን ፊልም ውስጥ አንዲት መንኮራኩር ጥቁር ሰማይ ላይ ትሄዳለች። ትሄዳለች፣ በቃ። ተኩስ የለ፣ ሙዚቃ የለ። ውስጧ አንዲት ሴት ብቻዋን ተቀምጣ ከአገሯ መልእክት ትጠብቃለች። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ የጠየቀችው ነገር መልሱ እስኪመጣ ወራት ያልፋል። እኔ ደግሞ ድብድብና የቱርክ ድራማ የለመድኩ ሰው ነኝ።

«ይቺ መንኮራኩር እስክትደርስ እኮ ወግዲ ሄጄ እመለሳለሁ» አልኩ።

«ሂጂና ነይ፤ አታመልጥሽም» አለችኝ፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል።

እናታችን የሙሰብሐዋን ዶቃ እየቆጠረች ስታይ ቆይታ፣ «ያ ረቢ! ይቺን ልጅ ብቻዋን የላካት ማነው?» አለች።

«ሥራ ነው፣ እማ» አለች እህቴ።

አንድ ቀን ፊልሙ መሀል ላይ መብራት ጠፋ። እናታችን ለቅሶ ቤት ሄዳ ስለነበር ሁለታችን ብቻ ነን። እንዲሁ ከማፍጠጥ ብዬ እነዚህን ፊልሞች ከየት እንዳመጣቻቸው ጠየቅኳት። እስከዚያ ቀን ዐረብ አገር ስለሠራችበት ቤት ብዙ አውርታልኝ አታውቅም።

የቤቱ ባለቤት አባት ሽማግሌ ነበሩ፤ ግማሽ አካላቸው አይታዘዝላቸውም፣ አንደበታቸውም ተይዟል። እሳቸውን ማጉረስና ማጠብ የእህቴ ሥራ ነው፤ ቤቱንም የምታጸዳው፣ የምታበስለውም እሷው ናት። የከሰዓቱ የዐስር ሶላት ከተሰገደ በኋላ ሽማግሌው ፊልም ያስከፍቷታል። ከፍታላቸው ወደ ኩሽና ልትመለስ ስትነሳ በደኅናው እጃቸው አጠገባቸው ያለውን ምንጣፍ መታ መታ ያደርጋሉ።

«እዚያ ቤት ውስጥ ቁጭ በይ ያለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው» አለችኝ።

መጀመሪያ መጀመሪያ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ይጥላት ነበር። ሽማግሌው አይቀሰቅሷትም፤ ስትነቃ ድምፁ ተቀንሶ ታገኘዋለች። እያደር ግን ማየት ጀመረች።

«ፊልሙ ቶሎ ቢያልቅ ተነስቼ ወደ ሥራዬ ነው። ስለዚህ መዘግየቱን ወደድኩት። ኋላማ ሥራውን ሁሉ ጨርሼም ቢሆን አያለሁ። ፊልሙ ሰው ፊት ላይ እንደዚያ ሲቆይብሽ፣ ሰውዬው የሚያስበውን ማንም ሳይነግርሽ ትደርሺበታለሽ።»

ሽማግሌው ሲሞቱ ልጆቻቸው ማስታወሻ የሚሆንሽን ውሰጂ አሏት። ሀርድ ዲስኩን አነሳች።

መብራት ሲመጣ ፊልሙን ካቆምንበት ቀጠልን። ሴትዮዋ ኩባያ አጠበች፣ እንዲደርቅ ደፋችው፣ ወደ መስኮቱ ዞረች። ያን ቦታ ከዚያ በፊት አይቼዋለሁ፤ ኩባያውን ደፍታ እጇን ከላዩ ቶሎ እንደማታነሳ ግን ገና ያን ቀን ማየቴ ነው። እህቴን ቀና ብዬ አየኋት። እንባዋ ይወርዳል፤ አትጠርገውም።

ከዚያ በኋላ እኔው ነኝ የምጎተጉታት። መብራት ሲመጣ እሮጣለሁ። ክረምቱን እንዲሁ ጨረስነው፤ ምንም የማይሆንባቸው ፊልሞች ፊት ተጠጋግተን ተቀምጠን። እንደዚያ ክረምት ከእህቴ ጋር ኖሬ አላውቅም።

ሱቅ ልትከፍት አስባ ነበር፤ አልሆነላትም። አደይ ሲያብብ እንደገና ሄደች። ደሴ ድረስ ሸኘኋት። መንገዱን ሙሉ እሷ በመስኮት ታያለች፣ እኔ እሷን አያለሁ። መናኸሪያው ስንደርስ፣ «ሀርድ ዲስኩ አንቺ ዘንድ ይቀመጥ። አሁን የምገባበት ቤት ልጆች ይበዙበታል አሉ» አለችኝ።

አሁን የምትደውለው ልብስ ስትተኩስ ነው፤ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ። ባለፈው ቅዳሜ ስትደውል ያንኑ ፊልም ከፍቼ ነበር።

«የቱ ጋ ደረስሽ?»

«ኩባያውን እያጠበች ነው።»

«ደፋችው?»

«ደፋችው።»

«እንግዲህ ወደ መስኮቱ ልትዞር ነው። ዝም በይ።»

 በእሷ በኩል የካውያው እንፋሎት ሽው ይላል። እኔ ፊልሙን እያየሁ፣ እሷ እኔን እያዳመጠች፣ ትንሽ ቆየን። ከዚያ ከውስጥ ሰው በዐረብኛ ጠራት፤ መጣሁ ስትል ሰማኋትና ስልኩ ተዘጋ።

ፊልሙን እዚያው ላይ አቆምኩት። ከዚያ ወዲህ አንዴ ደውላለች፤ ስለ እናታችን ጉልበት አውርተን ሳንጨርስ ቸኩላ ዘጋች። መጨረሻውን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ብቻዬን ማየቱ ግን አልሆን አለኝ። ዛሬም ከሥራ ስገባ ስልኩን ቻርጅ አድርጌ ፍራሹ ላይ አስቀምጬዋለሁ።