የኢንኮሮናታ «እንብላ»

ኢንኮሮናታ በሰባ አንድ ዓመቷ በሯን ዘግታ ምሳ መብላት ጀመረች። በተራራዋ መንደር በሞንቴሎርኖ ይህን የሰማ ሰው ሁሉ ማመን አቃተው። በዚያ አገር በሩን ዘግቶ የሚበላ ወይ የሰረቀውን ነው የሚበላው፣ ወይ ከወንድሙ ጋር ተኳርፏል ይባላል። እሷ የሰው ነገር ነክታ አታውቅም፤ የሚያኮርፋት ወንድምም የላትም። በሩን ያስዘጋት አንድ ቃል ነው።

ቃሉ «ፋቮሪቴ» ነው። እንብላ እንደ ማለት ነው። ማዕድ ላይ ያለ ሰው በበሩ የሚያልፍ ካየ ይህን ሳይል ማንኪያውን ወደ አፉ አያደርስም። አላፊውም «ይባረክ፣ አሁን በላሁ» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ሆዱ ባዶም ቢሆን በላሁ ይላል። ያው በዚህ ያልቃል፤ ጠሪው አከበረ፣ ተጠሪው ተከበረ፣ ምግቡም አልቀዘቀዘም። ከልብ የተፈለገ ሰው ግን ሁለተኛ ይጠራል፣ በሦስተኛው እጁን ተይዞ ይጎተታል። የሚገባው ያኔ ነው። ይሄንን ለልጅ ቁጭ ብሎ ያስተማረ የለም። ልጅ በእናቱ ቀሚስ ሥር ሆኖ እያየ ያድግበታል።

እሷ ባለችበት ቅያስ ላይ አሥራ አንድ ቤት አለ። ዘጠኙ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ባለቤቶቹ አንዳንዱ ቶሪኖ ከተማ፣ አንዳንዱ ቤልጅግ ገብተው ቀርተዋል። አሥረኛው ፊት ለፊቷ ያለው የአበልጇ የዶሚቲላ ቤት ነበር። ዶሚቲላንም ባለፈው ዓመት ልጇ መጥቶ ወደ ከተማ ወሰዳት። ኢንኮሮናታ ያን ክረምት ብቻዋን ከረመች። በረዶው እስከ መስኮቱ ሲደርስ፣ ጠዋት ተነስቶ የጭስ ማውጫዋን ቀና ብሎ የሚያይ አልነበረም። በዚያ ተራራ ጎረቤት ማለት ጭስሽን የሚያይ ነው። ጭሱ ካልወጣ መጥቶ በር ያንኳኳል። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ትመኝ ነበር፤ ከፊት ለፊት ሰው እንዲገባ።

በግንቦት ገቡ። ባልና ሚስት ናቸው፣ ከዴንማርክ። ሚስቱ ኪርስተን፣ ባሏ ፕሬቤን። የዶሚቲላን ቤት እስከ መስከረም ተከራዩ፤ ከተስማማቸው ይገዙታል። ያመጣቸው ከንቲባው ኔቪዮ የጻፈው ወረቀት ነው። ኔቪዮ የኢንኮሮናታ የክርስትና ልጅ ነው። የመንደሩን ጥሩ ጥሩ ነገር አሰባስቦ፣ አየሩን፣ ጸጥታውን፣ የድሮውን የበጎች መንገድ፣ ጫካውን ጽፎ በኢንተርኔት ለቀቀው። እሱም መልካም። መጨረሻ ላይ ግን እንዲህ ብሎ ጨመረበት፦ «የሕዝባችን ማዕድ ለመንገደኛ ሁሉ ክፍት ነው። ሲጠሩዎት አይግደርደሩ።»

በመጡ በማግስቱ ኢንኮሮናታ በሯን ከፍታ ፓስታ በቦሎቄ ትበላለች። ሁለቱ በበሩ አለፉ።

«እንብላ» አለች።

ኪርስተን ቆመች። ባሏን አየችው። እሱ ከኪሱ ያን የከንቲባውን ወረቀት አወጣ፣ አነበበ፣ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ገቡና ተቀመጡ።

ድስቱ የአንድ ሰው ነው። ኢንኮሮናታ ምን ታድርግ፤ የራሷን ሳህን ወደ ኪርስተን ገፋች፣ የቀረውን ለባልየው ጠርጋ አወጣች።

«አንቺስ?» አለች ኪርስተን። ቋንቋውን ገና እየተማረች ስለሆነ ትልቁንም ትንሹንም አንቺ ነው የምትለው።

«እኔ በልቻለሁ» አለች ኢንኮሮናታ። አንድ ማንኪያ ቀምሳ ነበርና ፍጹም ውሸት አይባልም።

ፕሬቤን ሳህኑን በዳቦ ወልውሎ ጨረሰ። «በጣም ጥሩ» አለ። በማግስቱ የቀትሩ ደወል እንደተደወለ በበሩ አለፉ። እሷም አፏ እንደለመደው ጠራቻቸው። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ባዶ እጃቸውን እንዳይመጡ ብለው በስኳር የተዘፈዘፈ ዓሣ በጠርሙስ አመጡላት። ለድመቷ ሰጠቻት። ድመቷ ሁለት ቀን ከቤት ጠፋች።

ሳትጠራ ዝም ብትልስ? ሞክራለች። አንድ ቀን ሲያልፉ አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። ወዲያው ማንኪያዋን ጣለችና ከኋላቸው ሮጣ ወጥታ ጠራቻቸው። ምሳዋን ወደ አምስት ሰዓት አመጣች፤ እነሱ በአምስት ሰዓት ዳቦ ሊገዙ ይወጡ ኖሯል። ጓዳ ገብታ ከወይን በርሜሉ አጠገብ ቆማ በላች፤ በገዛ ቤቷ እንደ አይጥ።

ማታ ለዶሚቲላ ደወለች።

«አበልጄ፣ ምሳ ምን በላሽ?» አለች ዶሚቲላ።

«ዳቦ።»

«ትናንትስ?»

«ዳቦ።»

«እንግዲህ እስር ቤት ገባሽ በይኛ። ሽንኩርትስ ይጨምሩልሻል?»

«አትሳቂብኝ። አንቺ ብትሆኚ እነዚህን ተከራዮችሽን ምን ትያቸው ነበር?»

«እኔማ እጠራቸው ነበር» አለች ዶሚቲላ። «አሁን ግን ከተማ ነኝ። እዚህ አምስተኛ ፎቅ ላይ ማን በበሬ ያልፋል። ከትናንት ወዲያ ለአሳንሰር ጠጋኙ እንብላ ብለው፣ ሴትዮዋ ታማለች ብሎ ልጄን ጠራው።»

ኢንኮሮናታ በማግስቱ ወደ ማዘጋጃ ቤት ወጣች። ኔቪዮ ሲያያት ከወንበሩ ተነሳ።

«እናቴ፣ እንኳን መጣሽ። ሰዎቹ እኮ ወደዱን። ባልየው ትናንት እዚሁ መጥቶ፣ እንዲህ ያለ ሕዝብ የትም አላየሁም አለኝ።»

«ሆዱ ነዋ ያላየው» አለች። «ምን ብለህ ነው የጻፍከው? አንብብልኝ።»

አነበበላት።

«ውሸት ነው እንዴ?» አላት።

«ውሸት አይደለም። ግማሽ ነው። ሌላውን ግማሽ ለምን ተውከው?»

«እናቴ፣ ሲጠሩዎት እምቢ ይበሉ ብዬ ብጽፍ ማን ይመጣል?»

ኢንኮሮናታ ወደ በሩ ዞረች። ኔቪዮም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እስከ መስከረም ቻይልኝ። ከሄዱ ያ ቤት ዳግመኛ አይከፈትም። አንቺም ታውቂዋለሽ» አላት። ታውቀዋለች። ያናደዳትም ይኸው ነው። ብታባርራቸው ክረምቱን ብቻዋን ልትገባበት ነው፤ ብትጠራቸው ጦሟን ልታድር ነው። ቁልቁለቱን ስትወርድ ከራሷ ጋር እየተጨቃጨቀች ነበር። አንዴ ኔቪዮን ትረግማለች፣ አንዴ ራሷን። ካህኑ ከማዶ ሰላም ሲሏት አልሰማቻቸውም።

በሩን የዘጋችው የዚያን ቀን ነው። ሐምሌ ነው፣ ከሙቀቱ ግድግዳው እንኳ ያልበዋል። መስኮቱንም ዘጋች። ድንች በቃሪያ ጠብሳ፣ ላቧ እየተንጠባጠበ መብላት ጀመረች። ሦስት ጊዜ እንደጎረሰች በሩ ተንኳኳ።

«አንቺ! ደህና ነሽ?» የኪርስተን ድምፅ ነው። «በሩ ለምን ተዘጋ? ታመሽ?»

ዝም ልትል አሰበች። ግን ዝም ካለች በሩን ሰብረው እንዳይገቡ ፈራች። ከፈተችው። አፏ ሙሉ ነው፣ አገጯ ላይ ዘይት አለ። ኪርስተን አየቻት፣ ከትከሻዋ በላይ ሳህኑን አየች፣ የተዘጋውንም መስኮት አየች። ኢንኮሮናታ እንደዚያ አፍራ አታውቅም። የጎረሰችውን እንደምንም ዋጠችና ቶሎ ተናግራ ቶሎ ለመገላገል ብላ፣

«እንብላ ስላችሁ፣ እምቢ ነው የሚባለው» አለች። «ይባረክ፣ አሁን በላሁ ነው የሚባለው። ወጉ እንዲህ ነው።»

ኪርስተን ቃሉን በልቧ ስትገለብጠው ታየች። «ሁልጊዜ?» አለች።

ሦስት ጊዜ መጥራት እንዳለ፣ እጅ መያዝም እንዳለ፣ ያኔ ሊናገሩት የሚገባ ነበር። ግን ኢንኮሮናታ ከዚያች ሴት ፊት ዞር ማለት ብቻ ነበር የፈለገችው።

«ሁልጊዜ» አለች።

«ሁለት ወር ሙሉ» አለች ኪርስተን ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀልቶ። «ሁለት ወር ሙሉ ምግብሽን በላን። አንቺ ግን አልፈለግሽንም።»

«እሱ አይደለም» አለች ኢንኮሮናታ። ምን እንደሆነ ግን ማስረዳት አቃታት። ፈልጋቸዋለች፤ ምሳዋንም ፈልጋለች። ይሄን በአንድ አረፍተ ነገር የሚናገር ጠበቃ ካለ ይምጣ።

ማታ ፕሬቤን ብቻውን መጣ። አንድ ጆንያ ዱቄትና አንድ ሳጥን ቲማቲም በሯ ላይ አስቀመጠ፣ ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ ጎንበስ አለና ሄደ። ከዚያ በኋላ ሲጠሩ የሚመልሱትን በደብተር ጽፈው አጠኑት። ሲያልፉ ትጠራለች፤ ሁለቱም እኩል «ይባረክ፣ አሁን በላን» ይላሉ፤ ያልፋሉ። የመጀመሪያው ሳምንት ዕረፍት ሆነላት። ድንቹን በሙቁ በላች፣ በሩንም ከፈተች። በሁለተኛው ሳምንት ቤቱ ጭር አለባት። ፕሬቤን ሳህን ሲወለውል የሚያሰማው ድምፅ ሳይቀር ትዝ ይላት ጀመር። በዚህም በራሷ ተናደደች።

ነሐሴ ሲጋመስ ኔቪዮ እየሮጠ ወረደ። «እናቴ፣ ገዙት። ዛሬ ፈረሙ። ክረምቱንም እዚሁ ናቸው።»

ኢንኮሮናታ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። እሑድ ገና ሳይነጋ ተነሳች። ፓስታውን በጣቷ አንድ በአንድ እያጎደጎደች ሠራች፣ የበግ ሥጋ በቲማቲም ሦስት ሰዓት ሙሉ አንተከተከች፣ ለፋሲካ ብቻ የሚወጣውን ሳህን አወጣች። ለሦስት ሰው። በሩን እስከ ግድግዳው ከፈተችና ተቀመጠች። ሁለቱ ከቤተ ክርስቲያኑ አደባባይ ሲመለሱ በበሩ ደረሱ።

«እንብላ» አለች።

«ይባረክ፣ አሁን በላን» አሉ፤ አንዲት ፊደል ሳይስቱ።

«ኧረ ግቡ፣ ለእናንተ ነው የሠራሁት።»

«ይባረክ፣ አሁን በላን» አለች ኪርስተን በፈገግታ። ይህም የወጉ ክፍል መስሏታል።

ኢንኮሮናታ ወጥታ እጇን ያዘቻት። «በእመቤታችን ይሁንባችሁ፣ ግቡ» ብላ ሳብ አደረገቻት። ኪርስተን የተያዘውን እጇን ጨበጥ አድርጋ ሁለት ጊዜ አወዛወዘችው። የስንብት ሰላምታ ነው ብላ። «ይባረክ» አለች ሦስተኛ ጊዜ። ፕሬቤን ደግሞ ዞር ብሎ፣ «አየሽ? ለመድን» አለ። ኩራቱን አይታ እንዴት ትቆጣው።

ያንን ፓስታ ለሦስት ቀን በላችው። በሦስተኛው ቀን ጎምዝዞ ነበር፤ እልህ ይዟት ጨረሰችው። «በቃ፣ እነሱ ካልገቡ እኔ እገባለሁ» አለች።

በአራተኛው ቀን የራሷን እሳት ሳታነድ ዋለች። ደወሉ ሲደወል ጸጉሯን አበጠረችና ቅያሱን ተሻገረች። በሩ ክፍት ነው። ኪርስተንና ፕሬቤን ማዕድ ላይ ናቸው። ሲያይዋት ሁለቱም ከወንበራቸው ተነሱ፣

«እንብላ» አሉ።

እንዴት ያምራል። ዶሚቲላ ራሷ እንደዚያ አሳምራ አትለውም። ኢንኮሮናታም ከጠዋት ጀምሮ ይሄን ስትጠብቅ ነው የዋለችው። ሆዷም ዝግጁ ነው፣ እግሯም ወደ ውስጥ አንድ ርምጃ ገብቷል። አፏን ስትከፍት ግን የወጣው፣

«ይባረክ፣ አሁን በላሁ።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቆማ ጠበቀች። ሁለተኛውን ጠበቀች። ኪርስተን በአክብሮት ራሷን ነቀነቀች፣ ተቀመጠች፣ ሹካዋን አነሳች። ፕሬቤን ወንበር ሳበላት። «ተቀመጪ» አላት። መቀመጥ መብላት አይደለም፤ ተቀመጠች።

ፓስታው ከልክ በላይ በስሎ አብጧል። ኪርስተን በቢላ እየቆራረጠች ነው የምትበላው። አይብም አላደረጉበትም። ያንንም እንኳ ቢሰጧት ኢንኮሮናታ ትበላው ነበር። ሆዷ ጮኸ። ፕሬቤን ድመት መስሎት ጠረጴዛው ሥር አየ።

«ስለ ክረምቱ ንገሪን» አለች ኪርስተን።

ስለ ክረምቱ ነገረቻቸው። ስለ ማገዶው፣ ስለ በረዶው አካፋ፣ ጠዋት ጠዋት የጎረቤትን ጭስ ስለ ማየት። ፕሬቤን ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ። «ጠዋት በስንት ሰዓት?» አለ፤ እሱንም ጻፈው። ያ የተመኘችው ነገር እዚያው ፊቷ ላይ በቀለም ሲጻፍ አየች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ዓይኗ ግን ከድስቱ አልነቀል አለ። ሦስት ጊዜ ጥሩኝ ለማለት አፏን ደጋግማ ከፈተች። ጥሩኝ ብሎ መጠየቅ ደግሞ ከልመና በምን ይሻላል፤ መልሳ ዘጋችው።

ስትነሳ ኪርስተን እስከ በሩ ሸኘቻት።

«ዛሬ ስለመጣሽ ደስ ብሎናል» አለቻት። «ነገም እንደ ዛሬው፣ ምሳሽን ከበላሽ በኋላ ነይ።»

«እሺ» አለች ኢንኮሮናታ፣ እሳት ያልነደደበት ቤቷን እያየች።