አባቴ ኪዮቶ ላይ የጠፋ ቀን

አባቴ ወንድሜን መርሳት የጀመረው በስልክ ነው። አትላንታ አጠገብ ስኔልቪል ባለው ቤታችን እሑድ እሑድ ወንድሜ ከጃፓን ሲደውል፣ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ አባቴ ጉልበት ላይ አስቀምጥለት ነበር። ድሮ «አንተ ከርፋፋ፣ ዛሬስ በላህ?» ብሎ ነበር የሚጀምረው። በኋላ «ማን ልበል?» ማለት አመጣ። ወንድሜ መስመሩ የተበላሸ እየመሰለው ይጮህ ነበር።

ወንድሜ ቀድሞ እዚሁ አትላንታ፣ ሮዝዌል ነበር የሚኖረው። የሚሠራበት ኩባንያ ወደ ኦሳካ ሲያዛውረው አባታችን ገና ከደሴ አልመጣም ነበር። እኔ ሲትዝን ሆኜ አባቴን ሳስመጣው ደግሞ እሱ ሄዷል። እንዲህ ሲተላለፉ ዓመታት አለፉ።

ሐኪሙ የመርሳት በሽታ ነው ያለን ዕለት ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ለወንድሜ ደወልኩለት። ሐኪሙ ያለውን ሁለቴ አስደገመኝ።

«አምጪው» አለኝ በመጨረሻ።

«አንተ አትመጣም?»

«ፈቃድ ጠይቄ ከለከሉኝ። እስኪሰጡኝ ድረስ ይረሳኛል። አምጪው እህቴ፤ ፊቴን ካየ ያውቀኛል።»

እኔም ይህንኑ ማመን ፈልጌ ነበር። ባሌ ታክሲውን ትቶ ልጆቹን ሊይዝልኝ ተስማማ፤ እኔና አባቴ ሄድን።

ኦሳካ አየር ማረፊያ ወንድሜ ከሰው መሐል እየተጋፋ መጥቶ አባቴን አቀፈው። አባቴ በትሕትና ራሱን አላቀቀና ቆቡን አስተካክሎ ጎንበስ አለ። «እንደምን ነዎት ጌታዬ? ቤተሰብ ደኅና ነው?» አለው።

ወንድሜ የቀለደ መስሎት ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። አባታችን ሲቆጣ «አንተ» ይለዋል፣ ሲስቅ «አንተ» ይለዋል፤ በዕድሜው ልጁን አንቱ ብሎ አያውቅም። ወንድሜ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ።

በማግስቱ ኪዮቶን በአውቶቡስ የሚያስጎበኝ የሙሉ ቀን ቱር ቡክ አድርጎልን ነበር። «አብረን ስንውል ቀስ እያለ ይመጣለታል» አለኝ። አስጎብኚያችን ጠና ያለች፣ ደቃቃ ሴት ናት። ከሰው እንዳንጠፋ ጫፉ ላይ ቢጫ ጨርቅ የታሰረበት ዘንግ ይዛለች። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ደሴ ገበያ ላይ ጨርቅ የሸጠ ሰው ስለሆነ፣ የአንገቷን ሻርፕ በሁለት ጣቱ ዳበስ አድርጎ «ይሄስ የዋዛ ሐር አይደለም» አላት በአማርኛ። ሴትዮዋ የገባት ይመስል እጅ ነሳችው። ከእሷ ጋር ወዲያው ተግባቡ።

ወንድሜ ግን ቀኑን ሙሉ ሲታገል ዋለ። ኩሬ ዳር የቆመውን በወርቅ የተለበጠ ቤተ መቅደስ ሴትዮዋ ስታስረዳን እሱ አንድም ቃል አልሰማም፤ ዓይኑ አባቴ ላይ ነው።

«አባባ፣ ሱቅህ ውስጥ ጣቃ ስጠቀልልልህ ትዝ ይልሃል?»

«እርስዎም ደሴ ነበሩ?» አለ አባቴ፣ ደስ ብሎት።

«እዚያው ነው የተወለድኩት።»

«የማን ልጅ ነዎት ታዲያ?»

ወንድሜ የአባታችንን ስም ነገረው። አባቴ ጥቂት አሰበና «ስሙን የሰማሁት ይመስለኛል» አለ።

የወንድሜን እጅ ያዝኩና «ተው፣ አታድክመው» አልኩት። ወንድሜ አልተወም። ምሳ ላይ በልጅነቱ የተሰበረ እግሩን ጠባሳ ሱሪውን ሰብስቦ አሳየው። አባቴ ጠባሳውን እያየ «አላህ ይማርዎት» አለው።

ከሰዓት በኋላ ተራራ ጥግ ወዳለ ትልቅ ቤተ መቅደስ ወጣን። ከታች የአውቶቡስ ማቆሚያ አለ፤ ነጫጭ አውቶቡሶች፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። ዛፎቹ ቅጠላቸው ቀልቶ ስለነበር አገሩ ሁሉ ሊያያቸው የወጣ ይመስላል። አባቴ ሽንት ቤት ልሂድ ሲል ወንድሜ አብሮት ሊገባ ፈለገ። አባቴ ግን አፈረ፤ «ግዴለም፣ እዚህ ይቆዩልኝ» አለው። ወንድሜ ደጅ ቆመ። ያ ቤት በጀርባው በኩል ሌላ በር ነበረው።

ወንድሜ ገብቶ ባዶውን ሲያገኘው ያወጣው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ስሜን ነው የጠራው። ለየብቻ ሮጥን። «አባባ» እያልኩ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል ስጮህ ሰዎች ጎንበስ እያሉ መንገድ ይለቁልኛል። ያሳሳተኝን ነጭ ቆብ ሁሉ ተከትያለሁ። ስኔልቪል ሲጠፋ ቢያንስ ጎረቤቶቹ ያውቁታል፤ አንዴ ነዳጅ ማደያው ጋ አግኝተው አምጥተውልናል። እዚህ ስሙን ቢናገር ማን ይሰማዋል? ከቤተ መቅደሱ ጀርባ ያለው ጫካ ነው። ብርዱ እየበረታ ነው።

አስጎብኚዋ ሌሎቹን ጎብኚዎች ከሹፌሩ ጋር ልካ ከእኛ ጋር ቀረች። ፖሊስ ጠራች፤ ምን እንደለበሰ ጠየቀችኝ። ቡናማ ኮት ልበል ግራጫ፣ ጠዋት እኔው ራሴ ያለበስኩትን መናገር አቃተኝ። ወንድሜ ከጫካው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ተመለሰ። «ደጅ ቆሜ ነበር፤ ቁም ስላለኝ ቆሜ ነበር» ይላል ደጋግሞ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ አስከሬን ይዤ አትላንታ ስገባ፣ ለቀስተኛው ደጃችንን ሞልቶ ታየኝ። ያን ጊዜ ተስፋዬ አለቀ። ዱዓ እንኳ ከአፌ አልወጣ አለ።

ሊመሽ ሲል የሴትዮዋ ስልክ ጮኸ። እየሰማች ዓይኗ እንባ ሞላ፤ «አገኙት» አለችን። አባቴ በኋላው በር ወጥቶ፣ ወደ ማቆሚያው ወርዶ፣ ከገጠር የመጡ የጃፓን ሽማግሌዎች አውቶቡስ ውስጥ ገብቶ ባዶ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሰላምታ ሰጥቷቸዋል፤ እነሱም አጸፋውን መልሰዋል። ትርፍ ሰው እንዳለ የታወቀው ባቡር ጣቢያው ደርሰው ሲወርዱ ነው።

በታክሲ በረርን። አባቴ ጣቢያው ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ፣ በሁለት አሮጊቶች መሐል ተቀምጧል። አንደኛዋ ሹራቧን ትከሻው ላይ ጣል አድርጋለታለች። ጭኑ ላይ መንደሪን ሞልቷል። ወንድሜ ፊቱ ተንበርክኮ ጉልበቱን ይዞ አለቀሰ። አባቴ አንድ መንደሪን ልጦ በእጁ አስያዘው።

«ምን ሆነው ነው እንዲህ የሚያለቅሱት?»

«አባቴ ጠፍቶብኝ ነው» አለ ወንድሜ።

«አይዞዎት፣ ይገኛል። እኔም ልጅ ጠፍቶብኛል። ጃፓን ነው ያለው ይሉኛል። ምናልባት ካገኙት፣ አባትህ ይፈልግሃል ይበሉልኝ።»

ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ዓይኑን ጠረገና «እነግረዋለሁ» አለው።

እኔና አባቴ ወደ አትላንታ ተመለስን። በዓመቱ ወንድሜ ሥራውን ለቆ መጣ። እኛ ቤት ምድር ቤቱን ያዘ፤ አባቴን የሚያጥበው፣ የሚያለብሰው፣ ጁምዓ መስጊድ የሚወስደው እሱ ሆነ። አባቴ ወደደው፤ ግን ልጁ መሆኑን አንድም ቀን አላወቀም።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ወንድሜ ማዕድ ቤት ሳህን ሲያጥብ አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ያ ሰውዬ ቤተሰብ የለውም እንዴ? ቀኑን ሙሉ እዚህ ነው። መሽቷል፤ ሂድ በዪው፣ የሚጠብቁት ይኖራሉ።»

አባቴ ጆሮው ስለከበደ ቀስ ብሎ የተናገረ ይመስለዋል እንጂ ቤቱ ሁሉ ሰምቷል። ወንድሜ ውኃውን ዘጋ። ጥቂት ቆየና መልሶ ከፈተው።