በሰዓዳ ሱጁድ ያላከክኩት ጥፋት

ይህን ነገር ለባሌ አልነገርኩም። ለእናቴም አልነገርኩም። አብራኝ የምትሠራው ነርስ እንኳ አታውቅም። እናንተ የመጀመሪያዎቹ ናችሁ፤ የቀለለኝም ስለማታውቁኝ ይሆናል። እዚህ ሐይቅ ከተማ ለአንድ ሰው ብነግር ወሬው ሳይመሽ ውጫሌ ይገባል።

እኔ የጥርስ ሐኪም ነኝ። ሥራዬ መንቀል፣ መሙላት፣ ማጠብ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ከዓረብ አገር የሚመለሱ ሴቶች፣ "ዶክተር፣ የፊት መርፌ አትወጊም እንዴ?" እያሉ ይጠይቁኝ ጀመር። እዚያ ማዳሞቻቸው ሲወጉ አይተዋል። መርፌው የግንባርን ጡንቻ ያላላል፤ ጡንቻው ሲላላ መጨማደዱ ይጠፋል። አዲስ አበባ ሄጄ ሠለጠንኩና ጀመርኩ። የጥርስ ሐኪም የፊትን ጡንቻና ነርቭ ተምሮ ያውቀዋል፤ ስለዚህ መጀመሬ አይቆጨኝም።

ሰዓዳ የመጣችው ለኒካዋ ሦስት ሳምንት ሲቀራት ነው። ዘጠኝ ዓመት ጅዳ ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች፣ ሠላሳ አራት ዓመት የሞላት ሴት ናት። የሚያገባት ሰው የውጫሌ አስተማሪ ነው። በቅንድቦቿ መካከል ሁለት መስመሮች ነበሯት።

"ሳልቆጣ የተቆጣሁ ያስመስሉኛል" አለችኝ። "ሰውየው ገና ሳያውቀኝ አኩራፊ ናት እንዳይል ነው እንጂ፣ ለቁንጅናስ አይደለም ወላሂ።"

አብረን ሳቅን። ወደድኳት።

ላስረዳት የሚገባኝ ብዙ ነበር። መርፌው ቀጭን ነው፤ ቆንጠጥ አድርጎ ይለቃል። የተወጋው ቦታ ለግማሽ ሰዓት ያህል አበጥ ይላል፤ ራስ ምታትም ሊኖር ይችላል። ለውጡ በዕለቱ አይታይም፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ጀምሮ ሁለት ሳምንት ሲሞላ ይለይለታል። ሦስት አራት ወር ቆይቶ ደግሞ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። አልፎ አልፎ መድኃኒቱ ያልታሰበ ጡንቻ ላይ ይደርስና የዓይን ቆብ ይወርዳል፤ እሱም በሳምንታት ውስጥ ይስተካከላል። ከተወጉ በኋላ አራት ሰዓት ያህል ግንባርን አለማሸት፣ አለመተኛት፣ አለማጎንበስ ይመከራል። እኛ አገር እንግዲህ ጠዋት መወጋት ይሻላል። የንጋቱን ሰላት፣ ሱብሂን ሰግዳ በማለዳ የመጣች ሴት እስከ ቀትሩ ዙሁር ድረስ ግንባሯን መሬት ሳታስነካ የምትቆይበት ጊዜ አላት። ይህን ሥልጠናው ላይ ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ነኝ ያሰብኩት። እኔም እሰግዳለሁ እኮ።

ሰዓዳን ግን ከሰዓት በኋላ ወጋኋት። የገበያ ቀን ነበር፤ ከየገጠሩ ጉንጩን ይዞ የመጣው በሽተኛ በር ላይ ተኮልኩሏል። ቸኮልኩ። "ግንባርሽን እንዳታሺው" ከማለት በቀር አንድም ነገር አልነገርኳት። የመጨረሻውን መርፌ ስሰጣት ደግሞ እጄ ወረደ። ከሚገባው ቦታ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ዓይኗ ቀርቦ ገባ። አየሁት። ቀዩን ነጥብ አየሁት። በጥጥ ጠረግኩትና "አብሽሪ፣ ጨርሰናል" አልኳት።

በስድስተኛው ቀን ስትመጣ የግራ ዓይኗ ግማሽ በግማሽ ተከድኗል። አላለቀሰችም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና፣ "ዶክተር፣ ምን አጥፍቼ ነው?" አለችኝ።

ልብ በሉ፤ ምን አጠፋሽ አላለችኝም። ጥፋቱን ከራሷ ነው የፈለገችው። እኔም ያን ጊዜ አገዝኳት።

"ከመርፌው በኋላ ሰግደሻል?" አልኳት።

"አዎ። አሱርን ቤት እንደደረስኩ፣ መግሪብንም በሰዓቱ።"

"በቃ እሱ ነው። ግንባርሽ መሬት ሲነካ መድኃኒቱ ወረደ።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ምናልባት እውነትም ሰግዳ ይሆናል የወረደው ትሉኝ ይሆን? አይደለም። መርፌው የት እንደገባ ያየሁት እኔ ነኝ። ቢሆንስ፣ ሳላስጠነቅቃት የሰደድኳት ማን ሆነና? ታዲያ ለምን አልኩት? ስሜን ፈርቼ። የሙሽራ ዓይን አበላሸች ከተባልኩ ጥርሱንስ ማን ያምነኛል ብዬ። መዋሸትስ ሰው ሁሉ ይዋሻል፤ እኔ ግን ሰው ለአላህ ግንባሩን መሬት ባስነካበት ሱጁድ አላከክኩ። ይህን ምን ብዬ ልጥራው?

ፊቷ ተለዋወጠ። "ታዲያ አሁን እንዴት ልስገድ?" አለችኝ።

"ወንበር ላይ ተቀምጠሽ። ለበሽተኛ ተፈቅዷል።"

"እስከ መቼ?"

"እኔ እስክነግርሽ።"

የዓይን ጠብታ ሰጥቼ ሸኘኋት። ለኒካው ጥቁር መነጽር አድርጋ ተዳረች፤ ሰዉም የጅዳ ፋሽን መሰለው አሉ። ውጫሌ ከገባች በኋላ ደውላ ዓይኗ እንደተከፈተ ነገረችኝ። አልሀምዱሊላህ ተባባልን። ስለ ሱጁዱ አልጠየቀችኝም፤ እስክነግርሽ ብያታለሁና። እኔም ያ ወሬ እንዳይነሳ ብዬ ዝም አልኩ። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። አንድ ቃል፣ በስልክ። አላልኩም።

ዘንድሮ ሐይቅ ውስጥ የአንድ ጎረቤታችን የሰደቃ ድግስ ላይ ተገናኘን። ሰዓዳ ልጅ ወልዳለች። የዙሁር ሰዓት ደረሰና እኛ ሴቶቹ ለሰላት ተሰለፍን። እሷ ከጥግ የፕላስቲክ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"በዚህ ዕድሜሽ ጉልበት ከዳሽ እንዴ?" ብላ አንዷ ቀለደችባት።

"ጉልበቴስ ደህና ነው" አለች ሰዓዳ። በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች። "ዶክተሯ ከልክላኝ ነው። ዓይኔን ያተረፈችልኝ እሷ ናት። አላህ ይጨምርላት።"

ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። "ጀዛኪላሁ ኸይር" ብለው መረቁኝ።

እኔ "አሚን" አልኩ። አሚን አልኩና አጠገቧ ቆሜ ሰገድኩ። ግንባሬን ምንጣፉ ላይ ሳደርግ የወንበሯ እግር ከፊቴ አንድ ስንዝር አይርቅም ነበር። ያን ዕለትም ሳልነግራት ተለያየን።

እናንተን አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ አልልም። አፉ ማለት የሰዓዳ ነው፤ እሷ ደግሞ ዛሬም ዱዓ ታደርግልኛለች።