ሁለት ባዶ ባልዲዎች

ግዌንዳ ላርካም ዕድሜዋን ሙሉ ልትፈታው የታገለችው ችግር ይህ ነው፤ የደረሰ ቼሪ ዝናብ ሲነካው ለምን ይፈነዳል? ምን ቢደረግስ አይፈነዳም?

ያንግ ከተማ ዙሪያ ባሉት ኮረብቶች ላይ ለሚኖር ሰው ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ የለም። እዚያ አገር ገና የሚውለው በሙቀቱ ወር ነው፤ ቼሪ የሚደርሰውም ከገና በፊት ባሉት ጥቂት ሳምንታት ነው። ሰው ሁሉ ቼሪ የሚፈልገው ለገና ማዕድ ነው። ሰማዩም ነጎድጓዱን ይዞ የሚመጣው በእነዚያው ሳምንታት ነው። አባቷ አርተር ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር ሹካውን ሳህኑ ላይ አስቀምጦ መብላቱን ይተው ነበር።

"ብላ እንጂ! ጦምህን ብታድር አያባራልህም" ትለዋለች እናቷ።

እሱ ግን ፍሬው በየዛፉ ላይ ሲተረተር የሚሰማው ይመስል ጆሮውን አቁሞ ይቀመጣል። በማግስቱ ጠዋት አባትና ልጅ ወደ ማሳው ሲወርዱ፣ ትናንት እንደ ዶቃ ሲያብረቀርቅ የነበረው ፍሬ ከጭራው ሥር ተሰንጥቆ ይጠብቃቸዋል። ግዌንዳ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። አንዱ ፈንድቶ አጠገቡ ያለው ለምን እንዳልፈነዳ አባቷን ጠየቀችው።

"ዕድሉ ነዋ" አላት።

መልሱ አላረካትም። ስታድግ በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተቀጠረች፤ ሥራዋ ለሳይንስ ክፍለ ጊዜ የሙከራ ዕቃ ማዘጋጀት ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ብልቃጥ አጠበች። አባቷ ሲሞት ማሳው የሷ ሆነ፤ ትምህርት ቤቱ ሊጥላቸው የነበሩትን ሰማንያ የመስታወት ማሰሮዎች በመኪናዋ ጭና ወደ ኮረብታው ተመለሰች።

ዘዴዋ ቀላል ነበር። በለቀማ ወቅት በተመሳሳይ ሰዓት፣ እኩል ከበሰሉ ዛፎች፣ ከእያንዳንዱ መስመር ሃምሳ ሃምሳ ፍሬ ትለቅማለች። በረንዳው ላይ በተደረደሩት ማሰሮዎች ከታንከሩ የተቀዳ የዝናብ ውሃ ትሞላና ፍሬዎቹን ትነክራቸዋለች። ከዚያ በየሁለት ሰዓቱ እየሄደች የተሰነጠቀውን ቆጥራ በወረቀት ላይ ትጽፋለች። ይህን ሰባት ዓመት አደረገችው። በሰባተኛው ዓመት አርተር ዕድል ያለው ነገር ምን እንደሆነ ገብቷት ነበር።

ነገሩ ደግሞ እጅግ ያምራል። ቼሪ በመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት ሥጋው እያበጠ ሲሄድ ልጣጩ ማደጉን አቁሟል። ስለዚህ ልጣጩ እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጥሯል ማለት ነው። ዝናብ ሲያባራ ውሃው ሁሉ ወርዶ አያልቅም፤ አንዲት ጠብታ ጭራው በተተከለበት ጎድጓዳ ትቀራለች፣ ሌላዋ በፍሬው ጫፍ ተንጠልጥላ ትቆያለች። ውስጡ ያለው ስኳር ጠብታዋን በልጣጩ በኩል ይስባታል። ፍሬው ከሚችለው በላይ ይጠጣና ይተረተራል። የበለጠ የጣፈጠው ቀድሞ ይፈነዳል። ግዌንዳ ይህን የተረዳች ቀን በረንዳው ላይ ብቻዋን ሳቀች።

በማሳው ላይ ጥቁርና ነጭ የሚባሉ ሁለት የቼሪ ዓይነቶች ነበሩ፤ ቀድሞ የሚፈነዳው ደግሞ ነጩ ነበር። ጥቁሩ ከሃምሳው አስሩ ሳይሰነጠቅ፣ ነጩ አርባው ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀው በዛፉ ላይ ይሻግታል፣ ሻጋታውም አጠገቡ ወዳሉት ጥቁሮች ይሻገራል። ወረቀቷን ደጋግማ አየችው። የማሳው መበስበስ በየዓመቱ የሚጀምረው ከነጮቹ ነበር። ነጩን የሚገዛ ሰው ደግሞ ከጠፋ ቆይቷል፤ ድሮ ይገዛ የነበረው ፍሬ በቆርቆሮ የሚያሽግ ፋብሪካ ተዘግቶ ግቢው አረም ውጦታል።

ታዲያ አርተር ነጩን ለምን ተከለው? ጥቁር ቼሪ የራሱን ወገን የአበባ ዱቄት አይቀበልም። አበባው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ንብ ከሌላ ዓይነት ዛፍ ዱቄት ካላመጣችለት ፍሬ አይዝም። ስለዚህ አርተር በየሦስተኛው መስመር፣ በየሦስተኛው ቦታ አንድ ነጭ ተክሎ ነበር፤ አንድ አባት ለስምንት እናቶች። ግዌንዳ ይህን አሳምራ ታውቃለች። መፍትሔውንም ታውቃለች፤ እዚያ ኮረብታ ላይ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ነጭ ያነሰው ሰው በአበባው ወር ባልዲውን ይዞ ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል። ያበቡ የነጭ ቅርንጫፎች ቆርጦ ይመለሳል፣ ውሃ በያዙ ባልዲዎች አድርጎ በጥቁሮቹ ዛፎች መካከል ይሰቅላቸዋል። የቀረውን ንቦቹ ይሠሩታል። ጎረቤት ይህን ለማድረግ አያስፈቅድም፤ በሩን ከፍቶ ይገባል፣ ቆርጦ ይወጣል።

የግዌንዳ ጎረቤት ኮሊን ታክዌል ነበር። በአንድ አውቶቡስ ትምህርት ቤት የተመላለሱ፣ እየተሰዳደቡ ያረጁ ናቸው። በሁለቱ ማሳ መካከል አባቶቻቸው ነፋስ እንዲከልል የተከሉት ጥቅጥቅ ያለ የጥድ መስመር አለ። ከጥዱ ወዲያ፣ ጅረቱ ዳር፣ ኮሊን ሁለት መስመር ሙሉ ነጭ ነበረው።

ለቀማው ካለቀ በኋላ አብቃዮቹ በአዳራሹ ሲሰበሰቡ ግዌንዳ የሰባት ዓመት ቁጥሯን የሞላችበትን ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፋ ተናገረች። ኮሊን ከኋላ ወንበር ተነስቶ ጮኸ።

"ሳይንቲስቷ! ቢራ ውስጥስ ነክረሽ ሞክረሻቸዋል?"

"ሞክሬያለሁ። ከሁሉም ቀድመህ የፈነዳኸው አንተ ነህ።"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ ሲበርድ ኮሊን ኮስተር አለ።

"እሺ ቀልዱን እንተወው ግዌን። ምን አድርጉ ነው የምትይን?"

"ነጩን ንቀሉት።"

"ጥቁሩን ታዲያ ማን ያስረግዝልናል? አንቺ?"

"ባልዲ ምን ሠርቶ ይበላል? ጎረቤትስ?" አለች ግዌንዳ።

ይህን ስትል ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። የምታስበው ከጥዱ ወዲያ ያሉትን የኮሊንን ሁለት መስመሮች ነበር። ኮሊን ደግሞ እዚያው ወንበሩ ላይ ሆኖ የሷን ማሳ ያስብ ነበር።

በብርዱ ወራት ዶዘር ጠርታ ሠላሳ ስድስቱን ነጮች አስነቀለች። ባለዶዘሩን ሁሉም ባዝ ይለዋል። የአባቷ እጅ የተከላቸው ሥሮች ከቀዩ አፈር እየተጎለጎሉ ሲወጡ ፊቷን አላዞረችም። ለኮሊን ግን አልነገረችውም። እዚያ አገር ሰው የአባቱን ዛፍ ማስነቀሉን እየዞረ አያወራም፤ ደግሞ በአበባው ወር ባልዲዋን ይዛ ስትሄድ ያየው የለ? ያኔ ይስቅባታል፣ እሷም ትሳደባለች፣ ያልቃል።

የአበባው ወር መጣ። ኮረብታው በአበባ ነጭ ሆነ። ግዌንዳ በአንድ እጇ መጋዝ፣ በሌላው ባልዲ ይዛ በጥዱ መካከል ወዳለው በር ሄደች። ኮሊን ከወዲያ በኩል እየመጣ ነበር። እሱም ባልዲ ይዟል።

"ወዴት ነው?" አላት።

"ወዳንተ ነዋ። ከጅረቱ ዳር ትንሽ ልቆርጥ።"

ኮሊን ቆመ። "ምን ልትቆርጪ?"

"ነጩን! ምን ነካህ? የኔን አስነቅዬዋለሁ።"

ፊቱ ላይ ያየችውን እስከ ዛሬ አትረሳውም። መጀመሪያ የሳቀ መስሏት ነበር።

"አንቺ አይደለሽም እንዴ ንቀሉት ያልሽው?" አለ ቀስ ብሎ። "ነቀልኩታ።"

"ሁለቱንም መስመር?"

"ሁለቱንም። ባልዲ አለ፣ ጎረቤት አለ ብለሽ።"

ባዶ ባልዲያቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። በሁለቱም ጀርባ ዛፉ ሁሉ አብቦ ንቡ ይጮሃል። ንቡ ከጥቁር ወደ ጥቁር ይመላለሳል፣ በከንቱ።

ለባዝ ስልክ የደወለችለት እሷ ናት።

"ሁለታችሁንም በአንድ ሳምንት ነው የነቀልኩት" አለ ባዝ። "ተነጋግራችሁ መስሎኝ!"

"አንድ ቃል ብትነግረኝ ምን ነበረበት?"

"ብነግርሽ ወሬኛ ትይኛለሽ። ባለፈው ስለ ኮሊን አጥር የነገርኩሽ ጊዜ ምን ነበር ያልሽኝ?"

ሌሎቹ አብቃዮች በራሳቸው ዱቄት የሚያፈሩ አዳዲስ ዓይነቶችን ተክለዋል፤ የነሱ ደግሞ የሚያብበው የነግዌንዳ ከረገፈ በኋላ ነው። በአካባቢው የቀረው አንድ ነጭ፣ ከተዘጋው ፋብሪካ ጀርባ በአረም መካከል ያለው ያረጀ ዛፍ ብቻ ነበር። በኮሊን መኪና ሄዱ። ዛፉን እየተሻሙ ቆረጡት፤ ግንዱና ሦስት ጉማጅ ብቻ እስኪቀር። ሃያ ሦስት ባልዲ ወጣው።

"አሥራ ሁለቱን አንቺ ውሰጂ" አለ ኮሊን። "የሳይንስ ድርሻ።"

ግዌንዳ አሥራ አንዱን ወሰደች። በዚያው ማታ ከደቡብ ቀዝቃዛ ነፋስ ተነሳ፤ አምስት ቀን ሳያቋርጥ ነፈሰ። በብርድ ንብ ከቀፎው አይወጣም። በስድስተኛው ቀን ፀሐይ ስትወጣ በባልዲው ያለው አበባ ጠውልጎ፣ የዛፉም መሬት ላይ ነበር።

የዚያ ዓመት ዲሴምበር አንዲት ጠብታ አልወረደም። በኮረብታው ላይ ያሉ ሽማግሌዎች እንዲህ ያለ ደረቅና ብሩህ ለቀማ አይተው አያውቁም። አርተርን ሹካውን ያስቀምጠው የነበረው የዝናብ ድምፅ ከጣሪያው ላይ አልተሰማም። ዛፎቹ ግን ቅጠል ብቻ ነበሩ። እንደ ልማዳቸው ከከተማ ራሳቸው ለቅመው ሊወስዱ የመጡ ባልና ሚስት ቅርጫታቸውን ይዘው ሁለት መስመር ዞረው ተመለሱ።

"ይቅርታ እማማ፣ ቼሪው በየት በኩል ነው?"

"ዘንድሮ የለም" አለቻቸው። ለምን ብለው ስላልጠየቋት በልቧ አመሰገነቻቸው።

ግዌንዳ የጡረታ ገቢ አላት፤ አንድ ዓመት መቋቋም ትችላለች። ኮሊን ግን ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት አንዱን በረዶ መትቶት፣ ሌላውን ፍሬው ፈንድቶበት ነበር፤ በዚህኛው ዓመት ነበር ተስፋው ሁሉ። መሬቱን በግ ለሚያረባ ሰው ሸጠው። ገዢው ከጥዱ ወዲያ ያለውን ዛፍ ሁሉ ነቀለ፤ ለበጎቹ ጥላ ብሎ በሩ አጠገብ አንድ ጥቁር ብቻ አስቀረ። የነቀለውም ያው ባዝ ነው።

ኮሊን ሴት ልጁ ዘንድ ወደ ባሕሩ ዳር ሊሄድ ሲል አንድ የእንጨት መሰላል ተሸክሞ ወደ ግዌንዳ በረንዳ መጣ። አርተር ከሃያ ዓመት በፊት ያዋሰው መሰላል ነው።

"የአባትሽ ነው" አለና ግድግዳው ላይ አስደገፈው።

"ኮሊን፣ እኔ..."

"ተይው። ልጅ አይደለሁም፣ ያስነቀልኩት እኔ ነኝ።" ባርኔጣውን አወለቀና መልሶ አጠለቀው። "ግን ግዌን፣ እንደዚያ ቀን አንቺ እርግጠኛ ሆኖ የተናገረ ሰው በሕይወቴ አላየሁም።"

ሻይ ልታፈላለት ተነሳች። ከጓዳ ስትመለስ መኪናው አቧራውን አስነስቶ ሄዷል። ካርድ ሁለት ጊዜ ላከችለት፤ መልስ አላገኘችም።

የመስታወት ማሰሮዎቹ ዛሬ በሳጥን ውስጥ ናቸው። ስለ ዝናብ ያወቀችው ሁሉ ትክክል ነው፤ አንድም ቁጥር አልተሳሳተችም። ይህ ነው የሚያንገበግባት።

አሁን የምትሞክረው ሌላ ነው። ከፋብሪካው ጀርባ ያለው ዛፍ፣ ያን ያህል ተጨፍጭፎ፣ ከጉማጆቹ አዲስ ቀንበጥ አወጣ። ግዌንዳ በብርዱ ወር ቀንበጦቹን ቆርጣ፣ በረጠበ ጋዜጣ ጠቅልላ ማቀዝቀዣዋ ውስጥ ከቅቤው አጠገብ ታስቀምጣቸዋለች። ዛፎቹ ሊነቁ ሲሉ የነጩን ቀንበጥ በጥቁሩ ቅርንጫፍ ላይ ትቀጥላለች፤ ለእያንዳንዱ ዛፍ የራሱ ባል፣ ከራሱ ግንድ ላይ። ማንም የማንንም በር አያንኳኳም። ሁለቱን በሹል ቢላዋ በሰያፍ ትቆርጣለች፣ ከልጣጩ ሥር ያለውን አረንጓዴ ከአረንጓዴ ታጋጥማለች፣ በላስቲክ አጥብቃ ታስራለች፣ ሰም ትቀባለች። አረንጓዴው በፀጉር ስፋት ከተሳሳተ ይደርቃል።

አምና ከአርባው አሥራ አንዱ ያዙ። የከሰዓት ፀሐይ ሰሙን እያቀለጠው ይመስላታል፤ ስለዚህ ዘንድሮ ግማሹን በዛፉ የጥላ ጎን፣ ግማሹን በፀሐይ ጎን ቀጥላ በእያንዳንዱ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ካርቶን አንጠልጥላለች። ነጩ ቅርንጫፍ ፍሬ ሲይዝ እንደገና ቀድሞ እንደሚፈነዳ ታውቃለች። አበባው ሥራውን እንደጨረሰ፣ ሳይበስል፣ ፍሬውን በእጇ ልታራግፈው አስባለች። የአንድ ቅርንጫፍ አበባ ለአንድ ሙሉ ዛፍ ይበቃ እንደሆነ ገና አታውቅም። አዳራሽ ውስጥ ሲጠይቋት "አላውቅም" ትላለች፤ ሌላ ቃል አትጨምርም።

ዛሬ የቀሯት አምስት ቀንበጦች ናቸው። አራቱን በራሷ መጨረሻ መስመር ላይ አሰረች። አምስተኛውን በጥርሷ ነክሳ፣ የአባቷን መሰላል ተሸክማ በጥዱ በር አለፈች። የበጎቹን ባለቤት ፈቃድ አልጠየቀችም። መሰላሉን በሩ አጠገብ በቀረው የኮሊን ዛፍ ላይ አስደገፈች፤ በጥላው ጎን የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ መርጣ ቢላዋዋን አወጣች። በጎቹ ተሰብስበው ያዩዋታል። ነፋሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ጣቶቿ አልታዘዝ ብለዋታል፤ አረንጓዴውን ከአረንጓዴው ለማጋጠም ለሦስተኛ ጊዜ እየሞከረች ነው።