ለ1009 ሳናካፍለው የቀረ ቁጥር

በእንጅባራ ከተማ ወረቀት ሳይነካ ሰባት አሃዝ ያለው ቁጥር የሚያካፍል ከእኔ ሌላ ሰው ካለ ይምጣና እንተያይ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ማካፈልን የተማርኩት ሰዎች ከጣሏቸው የሒሳብ መጻሕፍት ነው። ብቸኛ ቁጥር ማለት ከአንድና ከራሱ በቀር ምንም እኩል የማያካፍለው መሆኑንም ከዚያው አነበብኩ።

1022117 ቤታችን የገባው በሎተሪ ነው። ባለቤቴ መናኸሪያ ገዝታው ዕጣው ሳይወጣላት ቀረ። ልትጥለው ስትል ከእጇ ተቀበልኩና ትንሽ አየሁት።

"ይህ ብቸኛ ቁጥር ነው" አልኳት።

"ደግሞ ጀመርክ! ሳታካፍል በምን አወቅህ?"

"ፊቱን አይቼ።"

"እኔ ደግሞ ይካፈላል ባይ ነኝ። ብትሸነፍስ?"

"እኔ? በቁጥር?"

ከዚያ በኋላ ክረምት በመጣ ቁጥር እሱን ማካፈል ሥራችን ሆነ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ በቃሌ አካፍላለሁ፤ እሷ ጓዳ ሆና ቀሪውን ትይዝልኛለች። "ስንት ቀረ?" ስላት ትመልሳለች። ሲበዛባት እንዳይጠፋት በአገውኛ ታነበንበዋለች። ሦስት፣ ሰባት፣ አስራ አንድ እያልን ብቸኛ ቁጥሮቹን በተራ ሞከርናቸው። ከ1011 ማለፍ እንደማያስፈልገን የደረስኩበት እኔው ነኝ፤ 1011 በራሱ ሲባዛ ቁጥራችንን በአራት ይበልጠዋል፤ ስለዚህ አካፋይ ካለው አንዱ ከዚያ በታች መገኘት አለበት። ይህን ማንም አልነገረኝም።

997 ላይ ደረስን።

"መቶ ዘጠና ሁለት ቀረ" አለችኝ።

ያልሞከርነው 1009 ብቻ ነበር። ደክሟት ስለነበር "ነገ" አለች። በማግስቱ አልጋ ያዘች። መስቀል ሳይደርስ ቀበርናት።

ከዚያ ወዲህ ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር ድምጿ ከጓዳ ይመጣል። "መቶ ዘጠና ሁለት።" ገብቼ አይቻለሁ፤ ማንም የለም። እኔ የምፈራ ሰው አይደለሁም። የፈራሁት 1009ን ነው። እሱን ከሞከርኩ የምትይዘው ያልቃል።

ባለፈው ክረምት ልጄ ከዳንግላ መጣች። ነገሩን ስነግራት ስልኳን አወጣች።

"አባባ፣ እዚህ ላይ ልምታልዎትና ይገላገሉ።"

"እናትሽ የያዘችውን ቀሪ፣ ስልክ አይቀበላትም።"

"ታዲያ እርስዎስ ለምን አይቀበሏትም? እስከ መቼ ይዛ ትቁም?"

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ልጄ በባጃጅ ከሄደች በኋላ ግድግዳዬን ተደግፌ ለ1009 ማካፈል ጀመርኩ። ውጭው ጉም ነው፤ ዝናቡ ይወርዳል።

"ስንት ቀረ?"

"አስራ ሦስት" አለ ጓዳው።

ቀጣዩን አሃዝ አወረድኩ። "አሁንስ?"

"መቶ ሠላሳ አንድ።"

"አሁንስ?"

"ሦስት መቶ ሁለት።" ይህን በአገውኛ ደጋገመችው።

የመጨረሻውን ሰባት አወረድኩ፤ 3027 ሆነ። 1009 ሦስት ጊዜ ገባበት።

"ስንት ቀረ?"

ዝናቡ ብቻ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩ። መልሱን እኔም አውቀው ነበር፤ ምንም አልቀረም። ቁጥራችን 1009 በ1013 ተባዝቶ ነው። ሁለቱ እንዲህ ተጠጋግተው ቆመው ሳለ ፊቱን አይቼ አላየኋቸውም። በቁጥር ያሸነፈችኝ እሷ ብቻ ናት። ጓዳ ገብቼ ይህንኑ ነገርኳት።

ዘንድሮ ዝናቡ ሲመጣ ጓዳው ዝም አለ። ሌላ ቁጥር መርጬ ጮክ ብዬ ማካፈል ጀምሬአለሁ። ቀሪውን ራሴ እይዘዋለሁ፤ መሐል ላይ ይጠፋብኛል።